«ስለራስሽ ንገሪን»

ሥራ ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ይባል ነበር። በኋላ «የሰው ሀብት አስተዳደር» ሆነ። አሁን ሁሉም ሰው «ኤችአር» ይለዋል። ስሙ ሲቀያየር እኔ እዚያው ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከፈታኞች ወገን ተቀምጬ ስንት ወጣት እንዳየሁ ቆጥሬ አላውቅም። አሁን የሰፈሬ ተመራቂዎች ኢንተርቪው ሲጠሩ በሬን ያንኳኳሉ። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። 1984 ዓ.ም. ነው። የአጎቴን ኮት ተውሼ ለብሻለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ውጧል። «ኮምፒውተር ትችላለህ?» አሉኝ። «ሎተስ እችላለሁ» አልኩ፤ ያኔ በሰንጠረዥ ሒሳብ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ስሙን ያነበብኩት እዚያው ማስታወቂያው ላይ ነው። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ምንም ሳይናገሩ ተነሡና ጥግ ወዳለው ማሽን ወሰዱኝ። «እስቲ ክፈተው።» እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ማብሪያውን ከፊት ፈለግኩ፤ ከጎን ፈለግኩ። ትንሽ ከታገሡኝ በኋላ እጃቸውን ወደ ማሽኑ ጀርባ ሰደድ አድርገው ቀጭ አደረጉት። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሎተስን የሚያስታውሰው የለም። በሱ ፋንታ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም አለ። ፒችትሪ ያልተጻፈበት የአካውንቲንግ ተመራቂ ሲቪ ማግኘት ይከብዳል። ኤክሴልም «በጣም ጥሩ» ተብሎ ከጎኑ ይሰለፋል። ጉዱ የሚመጣው ፈታኙ ላፕቶፑን ወደ እናንተ ሲያዞረው ነው። «ግቢ ተምሬዋለሁ፣ ሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም» ማለት ምንም አያሳፍርም። ማብሪያ መፈለግ ነው የሚያሳፍረው።

ሰዓት ላይ ደግሞ የእኛ አገር ሰው የራሱ ጣጣ አለው። በኢሜይል «9:00» ተብሎ ሲጻፍላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 9? አንድ ልጅ ለጠዋት ቀጠሮ ከሰዓት መጣ። ፀጉሩ ተስተካክሎ፣ ጫማው ሊስትሮ ዘንድ አብረቅርቆ። ጥበቃው «ኧረ እነሱ ጨርሰው ሄደዋል» ብሎ መለሰው። እስካሁን ያሳዝነኛል። ቀኑም ያው ነው፤ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ደውሎ በመጠየቁ የተናቀ ሰው አላየሁም። ታክሲ ጠፍቶ ብታረፍዱም እንዲሁ፣ ከመንገድ ደውሉ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ በልካችሁ የሆነ። የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን ጭምር፣ አንድ ክላሰር ውስጥ አድርጉ። ፈታኝ ፊት ፌስታል መበርበር ጥሩ አይደለም። በር ላይ ላለው ጥበቃና ለጸሐፊዋ ሰላምታ ስጡ። እኔ ሁሌም ጸሐፊያችንን «ውጭ እንዴት ነበሩ?» እላት ነበር። የእሷ ግምት ከእኔ ውጤት መስጫ የበለጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«ስለራስህ ንገረን» የምትለዋ ጥያቄ የእኛን ልጆች ታንቃለች። አይፈረድባቸውም። ራስን ማወደስ ነውር ነው፣ በታላቅ ፊት አንገት ይደፋል ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ገሚሱ ድዳ ይሆናል። ሌላው ከቴሌግራም ያጠናውን ይወርደዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ልጆች በተከታታይ «ድክመቴ ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉን። በሦስተኛው ላይ የፋይናንስ ኃላፊያችን ሳል መስሎ ሳቁን ዋጠ። «ዓይን ዓይኑን እያየህ መልስ» የሚለውም ምክር እኛ ቤት ትንሽ ይከብዳል። የጠየቀውን ሰው እያያችሁ መልሱ፣ ይበቃል።

አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበር የፈለግነው፣ በዜሮ ዓመት ልምድ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። «ስለራስሽ ንገሪን» ስንላት ስሟን፣ የተመረቀችበትን ዓመትና ውጤቷን ተናግራ ዝም። እጃችን ላይ ያለውን ወረቀት ነው የደገመችልን።

«ከተመረቅሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል። ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

«ምንም። ቤት ነው የተቀመጥኩት።»

የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን ሊገለብጥ ነበር። እኔ፣ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ «ቤት ማንን ታግዣለሽ?» አልኳት።

«እናቴን። ሱቅ አላት። የዱቤ ደብተሩን እይዝላታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። እናቷ ዱቤውን በቃል ነበር የሚይዙት። ልጅቷ ደብተር ከፈተች፣ ለየቤቱ አንድ ገጽ። ቀጥላ የለስላሳ አከፋፋዩን ደረሰኝ ከገባው ሳጥን ጋር ማመሳከር ጀመረች። የመለሱት ባዶ ሳጥን እንዳልተቀነሰላቸው ደረሰችበት፤ በ3 ወር 11 ሳጥን። ደረሰኞቹን ይዛ ሄዳ አስተካከለች። ይህን ስትነግረን ወንበሩን ሞልታዋለች፣ እጇ ያወራል። የፋይናንስ ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሣ። «ይሄንን ነገር ክፍል ውስጥ ምን ነበር የምትሉት?» አላት። ትንሽ አሰበች። «ሪኮንሲሌሽን፣ መዝገብን ከደረሰኝ ማመሳከር» አለች። ራሷም የገረማት ይመስለኛል።

«ታዲያ ሲቪሽ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ሥራ አይደለማ!»

ልጆቼ፣ እሱ ነው ሥራ። ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ያስተካከላችሁትን አንድ ነገር ፈልጉ። የእድር መዝገብ የጻፋችሁበት፣ የሰፈር ልጆች ያስጠናችሁበት፣ ለምርቃት መጽሔት ገንዘብ የሰበሰባችሁበት ሊሆን ይችላል። ምን ተበላሽቶ ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ሆነ። ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ ማለት አያስፈልግም። ስለ ሳጥኖቹ ስትነግሩን እኛው እንለዋለን። «በግሩፕ ሠራን» ካላችሁ ደግሞ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደነበር ለይታችሁ ተናገሩ። ይሉኝታ ይዟችሁ «እኛ» ስትሉ እኛ ምንም እንዳልሠራችሁ ነው የምንጽፈው።

ደመወዝ ስትጠየቁ «የምትሰጡኝን» አትበሉ። ትሕትና ይመስላችኋል፣ እኛ ግን ሥራውን እንዳላወቃችሁት ነው የምንቆጥረው። በዚያ መደብ የሚሠራ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁና ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ያልተጣራውን ነው የምታወሩት፤ ከሱ ላይ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። የሙከራ ጊዜውንም ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አንዳንዱ አሠሪ «ስድስት ወር እናይሃለን» ይላል። ጠረጴዛው ላይ መከራከር አያስፈልግም፣ አውቃችሁ መግባት ግን ይጠቅማል።

ከወጣችሁ በኋላ ስልካችሁን አትዝጉ። የማታውቁት ቁጥር ሲደውል «ማነህ?» ብላችሁ አታንባርቁ። እኛ ልንሆን እንችላለን።

ያቺን ልጅ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ከጀርባዋ የሱቅ ግርግር ይሰማል። «ቆዩ፣ የምጽፍበት ላምጣ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ የነገርኳትን የማስረጃ ዝርዝር የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ከዱቤ ደብተሩ የተቀደደ ገጽ ነው። ገለበጥኩት። «ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ሳሙና 2፣ ዳቦ 4፣ ተከፍሏል» ይላል።