ጋቢ ሥር የሚበራ ስልክ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የ19 ዓመት ወንድም አለኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እጁ ወርቅ ነው፤ የሰፈሩን ሞባይል ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነበር። አምና ማትሪክ አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ሌሊት ጋቢ ተከናንቦ ስልኩን ያያል። "እታለም" ሲለኝ የኖረ ልጅ አሁን በስሜ ይጠራኛል። ዘንድሮ ጾማችንና ረመዳን ገጠሙና ጎረቤታችን እንደ ልማዷ የምስር ሳንቡሳ ላከችልን። ልጇና ወንድሜ አብረው ኳስ እየተራገጡ ነው ያደጉት። ወንድሜ ሳህኑን ተቀብሎ ሳንቡሳውን ለውሻ ሰጠው። "የነዚህን እጅ አልበላም" አለኝ። ስልኩን ቀምቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ መለስኩለት። የቴሌግራም ግሩፑን ከፍቼ ሳየው ደነገጥኩ፤ ጥቂቱን ልኬልዎታለሁ። ኔት ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ይሻለን ነበር። ለፖሊስ ልናገር? ወይስ ልተወው? እናታችን ግፊት ስላለባት አልነገርኳትም። ሳህኑንም አፍሬ እስካሁን አልመለስኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽልኝን አየሁት። ስድቡን እዚህ አልደግመውም። አንዱን ቪዲዮ ግን ላንሳው፣ ስለማውቀው። ሚያዝያ 2007 አይ ኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ገድሎ የለቀቀው ነው። ወንድምሽ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። ፓርላማው የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አለቀሰ። ቪዲዮው ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር። ግፉ እውነት ነው። የግሩፑ ሰዎች ግን ከሥሩ "ጎረቤትህን እይ" ብለው ጻፉበት። ሊቢያ የተፈጸመው ወንጀል ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳንቡሳ በምትጠብስ እናት ላይ ተላከከ።

የሚገርመው፣ ይኸው ቡድን ሐሳቡን ደብቆ አያውቅም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በመጽሔቱ ጽፎታል። ሙስሊሞች ከሌላው ጋር ተስማምተው የሚኖሩበትን መካከለኛ ቦታ "ግራጫ ቀጠና" ይለዋል። ይጥፋ ነው የሚለው። ጥቃት ይፈጸማል፣ ሌላው ተቆጥቶ ሙስሊም ጎረቤቱን ይገፋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየጎራው ይገባል። የጎረቤታችሁ ሳህን ያለችው እዚያ ግራጫ ቦታ ላይ ነው። ወንድምሽ አይ ኤስን የተበቀለ መስሎት የአይ ኤስን ሥራ በነጻ ሠራለት።

ይህን ግን አሁን እንዳትነግሪው። ከልምዴ ነው የምልሽ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ይዞት የመጣው ቪዲዮ የሌላ አገር መሆኑን ላሳየው አንድ ሰዓት ሙሉ ደከምኩ። ማስረጃዬን ደረደርኩ። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝና "እሺ፣ ይሄኛው ውሸት ይሁን። ሌላውስ?" አለኝ። በሳምንቱ ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ልጁን ትቼ ቪዲዮውን ነበር የማክመው።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ጓደኞቹ ግቢ ገብተዋል። እሱ ቤት ቀርቷል። ቀን ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ምን ልትሆን ነው?" ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ኢንቦክስ ገብቶ "ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ? ኮሜንትህን አየሁት፣ ጀግና ነህ" ይለዋል። ቀኑን ሙሉ እንዴት ዋልክ ያለው ሰው ይኖር ይሆን? አንቺን ለመውቀስ አይደለም፤ ቤት አስተዳዳሪ ሰው በምን ጊዜው።

መጀመሪያ ላይ ደም አይታይም። ቀልድ ነው፣ ቀረርቶ ነው። አንዱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካየ ስልኩ የዚያኑ ዓይነት ይደረድርለታል። ትናንት ያስደነገጠው ዛሬ ይሰለቸዋል። ከሕዝብ ገጽ ወደ ዝግ ግሩፕ፣ ከግሩፕ ወደ ኢንቦክስ፣ ከዚያ መልእክቱ ራሱን ወደሚያጠፋበት ቦታ ይወስዱታል። ሥራም ይሰጡታል። ትንሽ ሥራ ነው፤ "ይህን ሼር አድርግ"፣ "አምስት ሰው አስገባ"። ለወራት ማንም ምንም ላላዘዘው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ እሱ "የነቃ" ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ "የተኛ"። "እታለም" የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። ከተኙት መሃል ተመድበሻል።

ስልኩን መመለስሽ ደግ አደረግሽ። ስትቀሚው "ቤተሰብህ ጠላትህ ነው" ያሉት እውነት ሆኖ ታየው። ኔት ይዘጋ ያልሽው ይገባኛል። ግን በ2015 ክረምት ከተዘጋ በኋላም እኮ ቪዲዮው ያለ ኔት በሚሠራው በዜንደር ከስልክ ስልክ ይዞር ነበር።

ፖሊስ የሚለውን ቃል ስትጽፊ ምን እንደተሰማሽ መገመት አያቅተኝም። አስቀያሚ ነገር ማየቱና ማሰቡ ለብቻው ወደዚያ የሚያስኬድ አይደለም። ሼር ማድረጉ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ይወቅ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ማሰራጨት እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል። ይህን ሳታስፈራሪው፣ እንደ ወሬ ንገሪው። "ቤት ነው የሚውለው፣ ምን ያመጣል" የሚልሽ ካለ ደግሞ አትስሚ። በ2002 ዓ.ም. ሮሾናራ ቾድሪ የተባለች የ21 ዓመት የለንደን ወጣት የአንድ አክራሪ ሰባኪን ንግግር ከ100 ሰዓት በላይ በኢንተርኔት ሰምታ፣ የፓርላማ አባሏን በቢላ ወጋች። ሰውየው ተረፈ። እሷ እድሜ ልክ ተፈረደባት። ስለዚህ የሰው ስም እየጠራ ቀን መቁጠር ከጀመረ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ስለት ወይም መሣሪያ ሲፈልግ ካየሽ፣ ስንብት የሚመስል ነገር ከተናገረ፣ ያን ቀን ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የሚሰማችሁን አጎት ጥሪ፣ ለሕግም ተናገሪ። ሊጎዳ የታሰበው ሰውም ይወቅ። እስካሁን ከጻፍሽልኝ ውስጥ ይህ የለም።

አሁን የሚያስፈልገው ሥራ ነው። እጁ ወርቅ ነው ብለሻል እኮ። ከተማው ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ሰው ጋ ለምኚለት፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ደሞዝም ቢሆን። ቀን ቀን የሚጠብቀው ሰው ካለ ሌሊቱን ይተኛል። ስለ ግሩፑ ስታነሺ አትከራከሪ፣ ጠይቂ። "ይሄ የሚጽፍልህ ሰው ማን ነው? አግኝተኸው ታውቃለህ? እሱ ራሱ የት ነው ያለው?" በይውና ዝም በይ። መልስ ባይሰጥሽም ጥያቄው ጋቢው ውስጥ አብሮት ያድራል። የንስሐ አባታችሁ የሚያዳምጡ ዓይነት ከሆኑ ቡና ጠጡ ብለሽ ጥሪያቸው። የሚቆጡ ከሆነ ይቅርብሽ። ለእናትሽ እኔም ብሆን ለጊዜው አልነግርም ነበር። ብቻሽን ግን አትያዢው፣ አንድ ሰው ይወቅልሽ።

የጓደኛውን እናት በተመለከተ፣ ስለ ውሻው መናገር የለብሽም። ሳህኑን ግን እኔ ብሆን ዛሬ ማታ አጥቤ፣ ቆሎ አድርጌበት እመልሰዋለሁ። ባዶ ሳህን አይመለስምና። ወንድምሽን "ና አብረን እንሂድ" አትበይው። ልጇ ስለሱ ከጠየቀሽ "ቤት ነው ያለው" በይው። ስትመለሺ የት ነበርሽ ካለሽ ደግሞ የነበርሽበትን ንገሪው።