የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰዓት ጋር ለሚደረግ የመኪና ውድድር አሠልጣኝ ምን ይጠቅማል?

ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ ስፕሪንት እየተባለ የሚጠራው የመኪና ውድድር ነው። በዚህ ውድድር መኪኖች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ተራው ሲደርስ ብቻውን በአጭርና ለትራፊክ በተዘጋ መስመር ላይ ይነዳል፣ ሰዓቱም ይያዝለታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማኑዋል ካምቢዮ ያለው አሮጌ ቪትዝ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር ፈቃድ ባገኘንበት ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ኮን ደርድረን እንለማመዳለን። ችግሬ ኩርባ ላይ መሪውን የቱንም ያህል ብጠመዝዝ የመኪናው አፍንጫ ወደ ውጭ መሄዱ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሰፊ ጎማ ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ገንዘብህን ለአሠልጣኝ ክፈል ይላል። መንዳት ለሚችል ሰው አሠልጣኝ ምን ይጨምርለታል?

መልስ፦ የሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር ይሻላል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከጎማው መጀመር ያስፈልጋል። ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም አንድ ነው፤ ፍሬን ሲይዙም፣ ሲጠመዝዙም፣ ነዳጅ ሲሰጡም ወጪው የሚደረገው ከዚያው ከአንዱ አቅም ላይ ነው። ሁሉንም በፍሬን ከጨረሱት ለመጠምዘዣ የሚተርፍ አይኖርም። እንደ ቪትዝ ያለ ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክር መኪና ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ሦስቱንም ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ አቅማቸው ቀድሞ ያልቃል። አፍንጫው ወደ ውጭ ሲሸሽ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ ነው፤ ይህ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጎማው ከሚችለው ማዕዘን አልፎ ከዞረ በኋላ የሚይዘው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድምና። በዚያች ቅጽበት የሚበጀው ነዳጁን በልክ ማላላትና መሪውን ጥቂት መመለስ ነው። ወደ ውጭ እየሄደ ባለ መኪና ውስጥ ሆኖ መሪን መመለስ ለደመ ነፍስ የሚከብድ ስለሆነ፣ ከጎን ተቀምጦ «መልስ!» የሚል ሰው ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ጎማ ልማዱን አይፈውስም፤ ያንኑ ጥፋት በጥቂት ኪሎ ሜትር ከፍ ባለ ፍጥነት ያስደግመዋል እንጂ።

የጥፋቱ ሥር ብዙ ጊዜ ያለው ከኩርባው በፊት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የፊት ጎማዎችም መሬቱን አጥብቀው ይጫናሉ። ጀማሪ ተወዳዳሪ ከኩርባው አፍ ሲደርስ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ድንገት ያነሣል፤ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እሱም ልክ በዚያው ቅጽበት መሪውን ይጠመዝዛል። ጎማዎቹን ሥራ የሚያዝዛቸው መሬቱን መጫን በተዉበት ሰዓት ነው ማለት ነው። የመንዝ ፈረሰኛ ልጓሙን በአንድ ጊዜ እንደማይለቅ ሁሉ ፍሬንም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ መሪው እየዞረ በሄደ መጠን እግሩ ከፔዳሉ ላይ እየቀለለ ይሄዳል።

አሠልጣኝ ይህን የሚያስተምርበትን አንድ ልምምድ በዝርዝር ላቅርብ። መጀመሪያ ቀጥ ባለ መስመር ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዱ ከአንድ ኮን ዘንድ ሲደርሱ ጎማው ሊቆለፍ እስኪቃረብ ድረስ አጥብቀው ፍሬን ይይዛሉ፤ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ያለው መኪና ከሆነ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ሲርገበገብ ይታወቅዎታል። በጥሩ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከተያዘበት ቦታ አንሥቶ 18 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ መቆም ይቻላል፤ ከ80 ሲሆን ግን 32 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ ርቀቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ይህ በእግር ከታወቀ በኋላ በመስመሩ ጫፍ ላይ ኩርባ ይጨመራል። አሠልጣኙ የግራ እጁን አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋል፤ ኩርባው ሲጀምር ጣቶቹን አንድ በአንድ ያነሣል፤ የእርስዎም እግር በዚያው ልክ ይነሣል። አውራ ጣቱ ሲነሣ እግርዎ ከፍሬኑ ላይ ሙሉ በሙሉ ወርዷል፣ መሪውም የመጨረሻውን ያህል ዞሯል። ተማሪው መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ከጣቶቹ ይቀድማል። ሲደጋገም ግን እግሩና ጣቶቹ አብረው መሄድ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ቪትዙ ያለ ምንም ትግል ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይን ነው። ኮኑን እንዳይገጭ ፈርቶ ኮኑን የሚያይ ሰው ኮኑን ይገጨዋል። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ስለሚያልፍ፣ አምስት ሜትር ፊት ለፊትዎ ያለው ኮን ለውሳኔ አልፏል፤ ሊያዩት የሚገባው የሚቀጥለውን፣ ከተቻለም ከእሱ ወዲያ ያለውን ነው። ሹፌሩ ዓይኑ የት እንዳለ ራሱ አያውቅም። አሠልጣኙ ግን አገጩን አይቶ ያውቃል፤ አገጩ ከመሪው ቀድሞ ካልዞረ ዓይኑም አልቀደመም።

መስመር መምረጥን በተመለከተ አንድ ስሌት ይበቃል። 20 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በ45 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጎማ፣ ሹፌሩ ከውጭ ጠርዝ ገብቶ የውስጡን ጠርዝ ነክቶ ወደ ውጭ በመውጣት ሬዲየሱን ወደ 25 ሜትር ካሰፋው በ50 ያልፈዋል። ጎማው አልተለወጠም፣ ሞተሩም አልተነካም።

ስለ አሠለጣጠኑ ሥርዓት ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ በአንድ ዙር የሚታረመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅም መጀመሪያ የሚናገረው ተማሪው ነው። «ሁለተኛው ኩርባ ላይ ምን ተሰማህ?» ብሎ የማይጠይቅ አሠልጣኝ፣ እሱ በሌለበት ራሱን ማረም የሚችል ሹፌር አያፈራም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሰዓት ባይያዝም እመርጣለሁ፤ ሰዓት የተያዘበት ጀማሪ ትምህርቱን ትቶ ቁጥሩን ያሳድዳል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት እያለሁ በደንብ የሚጎትተው መኪናዬ ለልምምድ ደብረ ብርሃን ስወጣ ይደክማል። የጎማውም ነፋስ የተለወጠ ይመስለኛል። አሠልጣኜ «መኪናው ደኅና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ለተማሪ መጥፎ ዕድል አይደለም። ሞተሩ በደከመ ቁጥር ኩርባ ላይ ያለ አግባብ የተጣለ ፍጥነት በቀላሉ አይመለስም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ፍጥነቱን ጠብቆ መታጠፍን ሳይወድ በግዱ ይማራል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችም ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ነገር ግን እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ አንድ ቶን ከማይሞላ ቪትዝ ይልቅ ፍሬኑንና ጎማውን እጅግ ያደክማል።

ወደ ጎማዎ ስንመለስ፣ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ሁለት ፒ ኤስ አይ (የጎማ ነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ጨምሮ ያሳያል፤ የሙቀቱ ልዩነት 20 ዲግሪ ከሆነ ግን በብርዱ ምክንያት ሦስት ያህል ይወርዳል። በሌላ አነጋገር የሸዋ ሮቢቱ ጎሚስታ የሞላው ልክ ለደብረ ብርሃን ማለዳ ትንሽ ያንሳል። መኪናው ካደረ በኋላ እዚያው ልምምዱ ቦታ ይለኩት፤ መነሻዎ በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይሁን፤ ዙሩ እንዳበቃ ጎማው ሳይቀዘቅዝ እንደገና ይለኩና ሁለቱንም ደብተር ላይ ያስፍሩ።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። ገና ጎሕ ሲቀድ መንገዱ ጭር ስለሚል በጣርማ በር ቁልቁለት ኩርባዎች ላይ ብለማመድ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይለማመዱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ የሚገኝበት ይህ መንገድ አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኝ ዋና መስመር ነው፤ ጭር ያለ በመሰለበት ሰዓትም የጫነ ከባድ መኪና ከጉም ውስጥ ብቅ ይላል። በሕዝብ መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ሕግ መጣስ ነው፤ የሚያልፈውም የሰው ሕይወት ነው።

ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ትምህርቱ ራሱ እዚያ አይሆንም። የጎማን ወሰን የሚያውቀው በተደጋጋሚ ጥቂት እያለፈው የተመለሰ ሰው ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ማለፍ አይቻልም፣ አንዱን ኩርባ ደጋግሞ መሞከርም አይቻልም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል የሚመጣው አደጋም የተለየ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚያስገድደው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

በዚያ መንገድ ላይ በሕጋዊ ፍጥነት ሊለማመዱ የሚችሉት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ልስላሴ ነው። ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ሳይነቀነቅ ያቁሙ፤ ማርሽ ሲቀንሱ መኪናው ሳይንገጫገጭ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ፤ ኩርባን በአንድ የመሪ እንቅስቃሴ ጀምረው ሳይቆራርጡ ይጨርሱ። ተሳፋሪዎ እንቅልፍ ከወሰደው ጥሩ እየነዱ ነው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። በስፕሪንት መወዳደር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ «አጎትሽ ዕድሜ ልኩን አይሱዙ የነዳ ሰው ነው፣ እሱ ያሠልጥንሽ» ይሉኛል። አጎቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን ይበቃኛል?

መልስ፦ አጎትዎ የሚያውቁት ነገር ትንሽ አይደለም። በመንዝ ብርድና በዚያ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ለዓመታት በሰላም መመላለስ መንገድ ማንበብን፣ በማርሽ መያዝንና የመኪናን ድምፅ ለይቶ መስማትን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የጭነት መኪና ሹፌር ሙያው ከወሰን በእጅጉ ርቆ መኖር ሲሆን፣ የስፕሪንት ተወዳዳሪ ሙያ ወሰኑ ጫፍ ላይ ሆኖ አለመውደቅ ነው። ሁለቱ አንድ ሙያ አይደሉም፤ አንዱን ማወቅ ሌላውን ለማስተማር አያበቃም። ፈጣን ተወዳዳሪ የነበረ ሰው እንኳ ሁልጊዜ ጥሩ አሠልጣኝ አይወጣውም፤ እጁ የሚያደርገውን አፉ መግለጽ ያቅተዋልና።

ስለዚህ አጎትዎን ከነክብራቸው የሚያሳትፍ ሥራ ይስጧቸው፤ ከልምምድ በፊት የጎማ ብሎኖችን፣ የፍሬን ሸራውንና ዘይቱን እሳቸው ይፈትሹ፤ በመኪናው ውስጥ የሚንከባለል ነገር፣ ለምሳሌ ክሪክም ሆነ የውኃ ጠርሙስ እንዳይኖር እሳቸው ይመልከቱ። የራስ ቁር ሳያደርጉና ቀበቶ ሳያስሩ እንዳይነሡም እሳቸው ይከልክሉዎት። አጎት ከልክሎ እሺ የማይል የለም።

አሠልጣኝ ሲመርጡ ደግሞ የሚያወራውን የድል ታሪክ ሳይሆን የሚያየውን ነገር ይፈትኑ። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ከውጭ ቆሞ አንድ ዙር እንዲያይዎት ይጠይቁትና ምን እንዳየ ይንገርዎት። «ከሦስተኛው ኮን በፊት ፍሬኑን ቶሎ ለቀቅሽ፣ እጅሽም ሁለት ጊዜ ተመለሰ» የሚል ከሆነ ከጎንዎ ያስቀምጡት፤ «ልብ ይኑርሽ፣ ነዳጅ ጨምሪ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን አመስግነው ሌላ ይፈልጉ።