ስምንት ዕቃ፣ አሥር ቀን

ልጆቼ፣

ዕቃ መቀነስ ፋሽን ሆኗል። ቁም ሣጥኑን አራግፎ ዓመት ሳይሞላ መልሶ የሚሞላው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በታይላንድ፣ በስሪላንካና በምያንማር ያሉ፣ ቴራቫዳ የሚባለውን ጥንታዊ የቡድሂዝም ክፍል የሚከተሉ መነኮሳት የሚተዳደሩበትን ሥርዓት ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ።

የመነኩሴው ዕቃ ስምንት ነው፦ ወገብ ላይ የሚታሰር ሽርጥ፣ መጎናጸፊያ፣ ለብርድ የሚደረብ ባለ ሁለት እጥፍ ልብስ፣ መታጠቂያ፣ የምጽዋት ሳህን፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት እንዳይሞቱ የውኃ ማጥለያ። ሰው የሚደነቀው በቁጥሩ ነው። እኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ጋ ነው እላለሁ፤ ዛሬ ጫማም ጃንጥላም የያዘ መነኩሴ ሞልቷል።

ቁም ነገሩ ገደቡ ነው። ትርፍ ልብስ ወይም ትርፍ ሳህን የደረሰው መነኩሴ ከአሥር ቀን በላይ ይዞ መቆየት አይችልም። ለሕመም የሚሰጠው ቅቤ፣ ዘይት፣ ማርና ስኳር ደግሞ ሰባት ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ዕቃውን ለሌላ መነኩሴ ያስረክብና ጥፋቱን ይናዘዛል። ብዙ ጊዜ ዕቃው ይመለስለታል፤ ቅጣቱ ዕቃውን ማጣት ሳይሆን ከቀኑ አሳልፎ ማቆየቱን በሰው ፊት መናገር ነው። ትርፉን ከጓደኛ ጋር በጋራ ባለቤትነት መያዝም ይፈቀዳል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሰውን ጠባይ ያውቁ ነበር።

ሳህኑ አምስት ቦታ ሳይጠገን አዲስ መፈለግ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ብረት ወይም ሸክላ ነው። ብረት ስለሚዝግ በእሳት ይተኮሳል፤ በላዩ የሚወጣው ጥቁር ሽፋን ዝገቱን ይከላከላል። እርጥቡን አይቀመጥም፣ ፀሐይ ላይ አይረሳም፣ ከመደብ ጠርዝ ላይ አይደረግም፤ ሳህን በያዘ እጅም በር አይከፈትም። ሳህን የሚሰበረው እንዲህ ባለ ቸልተኝነት ነውና።

ልብሱ ተቆራርጦ የሚሰፋው በጥንቷ ሕንድ በነበረው በማጋዳ ግዛት የሩዝ እርሻ መደብ አምሳል ነው። የተቆራረጠ ጨርቅ ለሌባም አያጓጓም። የቡድሃ ደቀ መዝሙር አናንዳ 500 ልብስ በተሰጠው ጊዜ የኮሳምቢ ከተማ ንጉሥ ኡዴና ይህን ሁሉ ምን ሊያደርገው እንደሆነ ጠየቀው። ልብሳቸው ላለቀ መነኮሳት እንደሚያከፋፍል መለሰለት። አሮጌውስ? አልጋ ልብስ ይሆናል፣ ከዚያ ምንጣፍ፣ ከዚያ እግር መጥረጊያ፣ ከዚያ መወልወያ፤ በመጨረሻም ተበጣጥሶ ከጭቃ ጋር ይቦካና ወለል ይለሰንበታል። ንጉሡ ሌላ 500 ጨመረለት።

እናንተ በልብስ ጀምሩ። አዲስ ነገር ሲገባ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ በአሥር ቀን ካልለበሳችሁት ለማን እንደሚሄድ ስሙን አስቀድማችሁ ጻፉ። ተቀባዩን ሳትጠይቁ አትስጡ፤ ያለዚያ ጭነታችሁን ወደ እሱ ቤት ማዛወር ነው። ቦርሳና ጫማ ደግሞ ሳይጠገን አይተካ። ብዙዎች የሚሰናከሉት ያላቸውን ጥለው «ለቀላል ኑሮ» የሚሆን አዲስ ዕቃ ሲገዙ ነው።

ምግብን ግን ተዉት። መነኩሴው ለነገ ምግብ የማያስቀምጠው ጠዋት ጠዋት የሚያበስልለት ምእመን ስላለው ነው። እናንተ ጤፋችሁንና በርበሬያችሁን በጊዜ ግዙ፣ አስቀምጡም።