የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ አበባ ሆኖ የደብረ ማርቆሷን እናት ጤና መከታተል

ጥያቄ፦ የ76 ዓመት እናቴ ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ልጅ ጋር ትኖራለች፤ ለደም ግፊት በየቀኑ መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ አዲስ አበባ ስለምሠራ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ልጠይቃት አልቻልሁም። ልኬቱን ወደ ስልክ የሚልክ የግፊት መለኪያ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ፣ ስትወድቅ የሚያሳውቅ የእጅ ሰዓትና ካሜራ እንድገዛላት ተመክሬአለሁ። ሁሉም ያስፈልጓታል?

መልስ፦ ሁሉም አያስፈልጓቸውም፤ በግፊት መለኪያው ይጀምሩ። ሲገዙም ከክርን በላይ የሚታሰረውን እንጂ የእጅ አንጓ ላይ የሚውለውን አይምረጡ። መሣሪያው ቁጥሩን በብሉቱዝ አጠገቡ ላለው ስልክ ይሰጣል፤ ስልኩ ደግሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ ለእርስዎ ያደርሳል። ልኬቶችን በራሱ የሚያስቀምጥና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ መብራትም ኢንተርኔትም በሌለበት ቀን የእህትዎ ልጅ ቁጥሩን አንብባ በስልክ ልትነግርዎ ትችላለች።

የቁጥሩ እውነትነት ግን በአለካኩ ላይ ይመሠረታል። እናትዎ ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ክንዳቸውንም በልባቸው ትክክል አሳርፈው ይለኩ፤ ብርድ ነው ተብሎ ከሹራብ በላይ ቢታሰር ውጤቱ ይዛባል። ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል። የቤት ልኬቱ አማካይ 135 በ85ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከሰነበተ መዝገቡን ለሐኪማቸው ያሳዩ። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መያዝ ከታየ ግን ሌላ ልኬት ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የኦክስጅን መለኪያውን ሐኪም ካላዘዘ ይተዉት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤናማ ሰው ንባብ እንኳ ከቆላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የቀዘቀዘ ጣትም ያሳስተዋል፤ ያለ ምክንያት መደንገጥ ይመጣል። የእጅ ሰዓቱ ድንገተኛ አወዳደቅን ይለያል፤ ሆኖም ግድግዳ ይዘው ቀስ ብለው ሲንሸራተቱ ሊያመልጠው ይችላል፣ ቻርጅም ይፈልጋል።

ካሜራውን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጎረቤት ለቡና በሚሰበሰብበት፣ እናትዎም ጸሎት በሚያደርሱበት ቤት ውስጥ የሚታዩት እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያሰናዱ። መጥፎው ቁጥር እርስዎ ዘንድ ሲደርስ በመካከላችሁ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ በሩን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከእህትዎ ልጅና ከሚታመን አንድ ጎረቤት ጋር ማን እንደሚደርስ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚኬድ፣ ተሽከርካሪ ከየት እንደሚገኝ ተነጋግራችሁ በወረቀት ጻፉና መለኪያው አጠገብ ለጥፉት። እናትዎንም በንግግሩ ያስገቧቸው፤ ቁጥራቸውን ማን ይየው የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።