«ፓስወርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን»፦ የባለሱቆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ስልክና ኮምፒዩተር ደህንነት የደረሱኝ ጥያቄዎች ከባለሱቆችና ከትንንሽ ቢሮዎች ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

መርካቶ ጫማ የሚሸጥ ወንድማችን እንዲህ ይላል። ደንበኛው አራት ጥንድ መረጠ፣ «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት አሳየ፣ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ማታ ሒሳብ ሲታይ ብሩ የለም። ስክሪንሾት ሐሰተኛ መሆኑ በምን ይለያል?

አትለየው፣ ጊዜህን አታጥፋ። ሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል ማስረጃ አይደለም፤ ስሙንም መጠኑንም መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የምታየው የራስህን ሒሳብ ነው። ቴሌብር ከሆነ አፑን ክፈት ወይም *127# ግባ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በአፑ ወይም በ*889# እይ። ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትንም አትመን። ኔትወርክ ሲጨናነቅ መልእክት ይዘገያል፣ ሱቁ በሰው ይሞላል፣ አጭበርባሪው ደግሞ የሚመርጠው ይህችኑ ሰዓት ነው። አንድ ነገር ግን ከጽሑፍህ አስተዋልኩ፦ ሒሳቡ ያለው አንተ ስልክ ላይ ነው፣ የሚሸጠው ግን ወንድምህ ነው። እሱ ምን አይቶ ያረጋግጥ? ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ይደውልልህ፣ አንተ «ገብቷል» ካላልክ አይስጥ። እውነተኛ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይቀየምም።

የዋይፋይ ፓስወርዳችንን ካፌው ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፣ ችግር አለው?

ለደንበኛ የተለየ ዋይፋይ ክፈቱ፣ የሱን ለጥፉ። የካሸሯ ኮምፒዩተር ያለበትን ዋይፋይ ፓስወርድ ከግድግዳው አንሱት። ራውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣውን የአድሚን ፓስወርድም ዛሬውኑ ቀይሩ።

ቦሌ አካባቢ የልብስ ሱቅ ያላት እህታችን ደብዳቤ ረጅምም ንዴት የበዛበትም ነው። ለሦስት ዓመት የገነባችው የቴሌግራም ቻናል ላይ ድንገት «ብር አስገቡ፣ እጥፍ ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ሻጭ ለቃለች። «ሌባዋ እሷ ናት፣ እንዴት ላስይዛት?» ትላለች።

እህቴ፣ የሚያስቸኩለውን በግል ጽፌልሻለሁ፤ ለሌሎችም እንዲጠቅም እደግመዋለሁ። አካውንቱ የሱቁ ስልክ ላይ ክፍት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የተገናኙ ስልኮችንና ኮምፒዩተሮችን ዝርዝር እይ፣ ከያዝሽው ስልክ በቀር ሁሉንም አስወጪ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ሰው ነባሩን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከፈጠንሽ አንቺ ትቀድሚያለሽ። ወዲያው ሁለተኛውን ፓስወርድ፣ ማለትም ከአጭር መልእክቱ ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን፣ አብሪ። የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ለማዛወር ይህ ፓስወርድ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። ሌባው ራሱ አብርቶት ቀን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ልጅቷ። ደብዳቤሽ መሐል ላይ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽው የሄድሽው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ከችግሩ አንድ ቀን በፊት አንዲት ጓደኛሽ በቴሌግራም «ለውድድር ምረጪኝ፣ የሚደርስሽን ኮድ ላኪልኝ» ብላሽ ላክሽላት። ቁልፉን የሰጠሽው ያኔ ነው። የጻፈችውም ጓደኛሽ ሳትሆን አካውንቷን ቀድሞ የሰረቀ ሰው መሆኑ አይቀርም።

ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ቃልሽ ነው፦ «ፓስወርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን።» ቴሌግራሙን፣ ቲክቶኩን፣ ኢሜይሉን አምስት ሰው በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ሲጠቀም ማን ምን እንደሠራ መዝገብ አይኖርም። መዝገብ በሌለበት ደግሞ ጥርጣሬ የሚያርፈው አቅም የሌለው ላይ ነው፤ በቅርብ የለቀቀችው ላይ፣ ደመወዟ ትንሽ የሆነችው ላይ። በቅርብ የማውቀው አንድ ሱቅ ውስጥ እንዲሁ ሆኗል። ልጅቷ ተባረረች፣ ዋሷ ተጠርቶ ክፈል ተባለ፣ ከወራት በኋላ ግን ኮዱን ለማያውቀው ሰው የሰጠው ባለቤቱ ራሱ እንደነበር ታወቀ። ልጅቷን ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ አካውንት አድሚን ይሁን። መለጠፍ ብቻ ይፈቀድለት፣ አድሚን መጨመር አይፈቀድለት። ባለቤትነቱ አንቺ ጋ ይቆይ። ሠራተኛ ሲለቅ የሱቁን ቁልፍ እንደምትቀበይው ሁሉ በዚያው ቀን ከአድሚንነት አውጪው፤ በሰላም ቢለቅም። ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፣ ፖሊስ ጋ መሄድ መብትሽ ነው። ስትሄጂ ግን የገባውን መሣሪያ፣ ቀኑንና የተላከልሽን መልእክት ይዘሽ ሂጂ እንጂ የልጅቷን ስም ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ለጓደኞችሽ ስሟን አንስተሽ ከሆነም መልሰሽ ደውዪላቸው።

ፓስወርድ በየስንት ጊዜው ይቀየር?

ሌላ ሰው ካወቀው ወይም የሚያውቀው ሠራተኛ ከለቀቀ፣ ያኔውኑ። ረጅምና ለየአካውንቱ የተለየ ከሆነ ይቆይ።

አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ፣ በሐምሌ ግብር ግርግር መሐል፦ ጠዋት ኮምፒዩተር ሲከፈት አንድም ፋይል አይከፈትም፣ «ክፈሉ» የሚል ማስታወሻ አለ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምም ዊንዶውሱም ክራክ ነው (ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተጫነ)፣ አንቲቫይረሱ ክራኩን ስለሚከለክል ጠፍቷል። ባክአፑ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ እዚያው የተሰካ ፍላሽ ላይ ነበር። የሰፈር ጠጋኝ «ፎርማት ላድርገው» ብሏቸዋል።

አታስደርጉ! እባካችሁ። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ሌላ ፍላሽ አትሰኩ፣ የተቆለፉትን ፋይሎችና ማስታወሻውን አትሰርዙ። ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች መክፈቻ በነፃ ይገኛል፤ ኖ ሞር ራንሰም የተባለው ድረ ገጽ የተቋቋመው ለዚህ ነው። ፎርማት ከተደረገ ግን የሚከፈት ነገር አይተርፍም። ይህ የጠጋኝ ሥራ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። የኮምፒዩተር ደህንነት ባለሙያ ፈልጉ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም አመልክቱ። ከመክፈላችሁ በፊት፣ ዛሬ። የከፈለ ሁሉ ፋይሉ ይመለስለታል ማለት አይደለም።

ክራክን በተመለከተ፣ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን አፕዴት የማያገኝና አንቲቫይረስ የጠፋበት ኮምፒዩተር ላይ የሃያ ደንበኛ መዝገብ ማስቀመጥ ከባድ ኃላፊነት ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አፕዴቱን የጫኑት ተረፉ። ለወደፊቱ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ ገልብጡ፣ አንዱ ሁልጊዜ ተነቅሎ ከቢሮ ውጭ ይደር።

ከባንክ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ ፒን ጠየቀኝ፣ ድምፁ ግን ጨዋ ነው።

ዝጋው። ከዚያ ራስህ ወደ ባንክህ ደውል፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ፒኑን ቀድመህ ነግረኸው ከሆነ መልሴን አንብበህ አትጨርስ፣ አሁን ደውል።