ከቁጥጥር በፊት አሠሪው ራሱ ሊመረምረው የሚገባ

ጠያቂያችን ለብረታ ብረት ወርክሾፓቸው ሠራተኞች በሙሉ ጓንት፣ የራስ ቁርና መነጽር ገዝተው፣ የደህንነት ደንብም አስጽፈውና ሁሉንም አስፈርመው እንደጨረሱ ገልጸው፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ጉድለት ሊያገኝ እንደሚችል ጠይቀዋል። በማምረቻ ሥራ ኃላፊነት ለረጅም ዓመታት ስለቆየሁና ተቆጣጣሪዎችንም ደጋግሜ ስላስተናገድኩ፣ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ። በእኔ እምነት ሠራተኛው በየቀኑ የሚጋፈጠውን አደጋ እርስዎ ቀድመው ካገኙት፣ ተቆጣጣሪው የሚያገኘው ጉድለት በእጅጉ ይቀንሳል።

የመከላከያ ትጥቅ መግዛትዎ ተገቢ ቢሆንም፣ በሙያው አሠራር ትጥቅ የመጨረሻው እርምጃ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ፣ ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በተሻለ መተካት፣ ቀጥሎ ሠራተኛውን በመከለያ ወይም በጭስና አቧራ መምጠጫ ከአደጋው መለየት፣ ከዚያ የአሠራር ሥርዓትና ሥልጠና ይመጣል። ትጥቅ አደጋውን እዚያው ትቶ ኃላፊነቱን ሰውየው ላይ ስለሚጥል፣ ሙቀትና ድካም ሲበረታበት ባወለቀው ቅጽበት ምንም የሚከላከለው ነገር አይኖርም። ጓንትም ቢሆን ለሁሉም ሥራ አይሆንም፤ በመሰርሰሪያ ማሽን የሚሠራ ሰው ጓንት ካደረገ፣ የሚሽከረከረው ብረት የጓንቱን ጫፍ ይዞ እጁን ጭምር ሊጠመዝዘው ይችላል። ስለዚህ ያስጻፉት ደንብ ሁሉም ሠራተኛ ሁልጊዜ ጓንት እንዲያደርግ የሚያዝ ከሆነ ዛሬውኑ እንዲያስተካክሉት አሳስባለሁ።

ከሁሉም አጥብቄ የምመክርዎ ግን ማሽን የሚጠገንበትንና የሚጸዳበትን ሰዓት እንዲመረምሩ ነው። በመደበኛው ምርት ጊዜ መከለያው በቦታው ነው፤ በጥገና ጊዜ መከለያው ይነሣል፣ ሰውየው እጁን ከማርሹ መካከል ያስገባል፣ ከማሽኑ ወዲያ ያለው ባልደረባው ደግሞ አያየውም። አንድ ጊዜ የጥገና ሠራተኛችን ከማሽኑ ሥር ተኝቶ ሳለ ሌላው ሥራ ለመጀመር ማብሪያውን ሊጫን ሲል፣ ማብሪያው ላይ በተሰቀለው ቁልፍ ምክንያት አልበራለትም። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ጠጋኙ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፤ የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ ስሙን የያዘ ካርድ ያንጠለጥላል፤ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። ከዚያም ማስነሻውን ተጭኖ ማሽኑ በእርግጥ እንደማይነሣ ይፈትሻል፤ በታንክና በቱቦ የተጠራቀመ የአየር ግፊት ካለም ያስተነፍሳል። ሁለት ሰዎች ከሠሩ ሁለት ቁልፍ ይሰቀላል፤ አንዱ ለሌላው አይከፍትም፤ አለቃም ቢሆን ምርት ዘገየ ብሎ አያስከፍትም።

በፊርማ ላይ ብዙ አይመኩ። ፊርማ ሠራተኛው በሥልጠናው ላይ እንደነበረ ያሳያል እንጂ ነገሩን እንደተረዳ አያረጋግጥም፤ ተቆጣጣሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ መዝገቡን አይተው ሲያበቁ ወደ ማሽኑ ሄደው ሠራተኛውን ይጠይቃሉ። ስለሆነም ሥልጠናው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማሽኑን አጥፍቶና ቆልፎ በተግባር እንዲያሳይ ያድርጉ፤ መዝገቡም ይህንኑ ከነቀኑ ይያዝ። የአደጋ ግምገማ፣ የማሽንና የማንሻ መሣሪያዎች ምርመራ፣ የኬሚካል መረጃ ወረቀትና የጉዳት መዝገብም ወቅታዊ ሆነው መገኘት አለባቸው።

አንዳንድ አሠሪዎች አደጋ ላልደረሰበት ወር ጉርሻ ይሰጣሉ። አሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ሠራተኛው የባልደረቦቹን ጉርሻ ላለማስቀረት ሲል የተቆረጠ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲሠራ ስለሚገፋፋው እኔ በጽኑ እቃወመዋለሁ። ይልቁንም ለጥቂት የተረፈበትን አደጋ ለሚናገር ሠራተኛ ዕውቅና ይስጡ፤ የተናገረው ጉድለትም ሳይውል ሳያድር ይስተካከል። ተናግሮ ምንም ሲለወጥ ያላየ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

የየአገሩ ሕግ በዝርዝሩ ይለያያልና የራስዎን ሕግ ማንበብ ግድ ነው። መሠረቱን ለመረዳት ግን የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 155 ይጠቅማል። በዚህ ስምምነት የደህንነት እርምጃዎች ሠራተኛውን ምንም ወጪ ሊያስወጡት አይገባም፤ ስለዚህ የትጥቅ ዋጋ ከደመወዝ መቁረጥን ካሰቡ ይተዉት። በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ የተደቀነ ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛም በዚሁ ምክንያት እንዳይቀጣ ጥበቃ ተሰጥቶታል። ይህን መብት ለፎርማኖችዎ በግልጽ ያስረዷቸው፤ ብዙዎቹ እንደ እምቢተኝነት ይቆጥሩታልና።

በጥያቄዎ ያልተነሣ አንድ ጉዳይ ልጨምር። በኮንትራት ለጣሪያ ጥገና ወይም ለብየዳ የሚገቡ ሰዎች የእርስዎን ማሽንና ኬሚካል አያውቁም፤ ያው ስምምነት በአንድ ሥፍራ የሚሠሩ ድርጅቶች በደህንነት ረገድ እንዲተባበሩ ያዛል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ቀለምና ቲነሩ ከአካባቢው ይነሣ፤ በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጥ፤ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይመደብ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከቦታው ሳይለይ ይጠብቅ።