ፊቱ ሽቅብ የሚያይ ተሳቢ፦ የፒክአፕና የፊፍዝ ዊል ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፊፍዝ ዊል ካምፐር (ፒክአፕ ካሶኒ ውስጥ በተገጠመ ሂች ማለትም ማሰሪያ ላይ የሚታሰር ተሳቢ) ልገዛ ነው። ፒክአፔ ባለ 3/4 ቶን፣ ናፍጣ፣ ፎር ባይ ፎር ነው። ሻጩ አስሮ ሲያሳየኝ የተሳቢው ፊት ሽቅብ ተነሥቶ ኋላው ወደ መሬት ወርዷል። «ሂቹን ዝቅ ካደረግኸው ይስተካከላል» ይለኛል። እውነቱን ነው?
(ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ውሃ ልኩ ይስተካከል ይሆናል፤ ነገር ግን የተሳቢው ሆድ የካሶኒውን ጠርዝ እንዲመታ ሊያደርግ ይችላል። የዘመኑ ሄቪ ዱቲ ፎር ባይ ፎር ፒክአፖች ካሶኒ ከቀድሞዎቹ ከፍ ያለ ነው። ዝቅ ላለ ፒክአፕ ታስቦ የተሠራ ተሳቢ ሲታሰርባቸው ፊቱ መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱ።

ተሳቢውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፤ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ያድርጉና በፊት እግሮቹ ከፍና ዝቅ ያድርጉት። ከሻንሲው በታች እስከ መሬት ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም እኩል ሲመጣ ተሳቢው ውሃ ልክ ሆነ ማለት ነው። ያኔ ካሶኒው በላይ የሚያርፈው የተሳቢው ክፍል ሆዱ ከመሬት ስንት ኢንች እንደሆነ ይለኩ፤ 60 ኢንች ነው እንበል። ቀጥሎ የፒክአፑን የካሶኒ ጠርዝ ቁመት ከኋላ በኩል ይለኩ፤ 58 ቢሆን፣ ሥራው ገና አላለቀም። ተሳቢው ሲታሰርበት የፒክአፑ ኋላ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኢንች። ከመታሰሩ በፊትና በኋላ የኋላ ጎማውን ቅስት ቁመት ቢለኩ የእርስዎን ፒክአፕ ልክ ያገኛሉ። 2.5 ኢንች ቢወርድ ጠርዙ 55.5 ላይ ይሆናል፤ ከሆዱ ጋር ያለው ክፍተት 4.5 ኢንች ነው ማለት ነው።

ይህ ያንሳል። ቢያንስ 6 ኢንች ይፈልጋሉ። ከኪንግ ፒኑ (ከተሳቢው ፊት ወደ ታች ወርዶ ሂቹ ውስጥ ከሚገባው ፒን) እስከ ካሶኒው የኋላ ጫፍ 48 ኢንች ያህል ቢሆን፣ የ6 ኢንች ክፍተት የሚፈቅደው 7 ዲግሪ መታጠፍ ነው፤ 4.5 ኢንች ደግሞ 5 ዲግሪ ግድም ብቻ። ፒክአፑ ጉብታ ተሻግሮ ቁልቁል ሲያዘነብል ተሳቢው ገና ዳገቱ ላይ ስለሚሆን ይህችን ዲግሪ በአንድ የግቢ መውጫ ላይ ይጨርሷታል። ጉዳቱ የካሶኒው ጎን መጨማደድና የተሳቢው ሆድ መቀደድ ነው።

ሻጩ ያልነገርዎት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሂቹን ራስ ዝቅ ቢያደርጉ፣ ወይም በተሳቢው በኩል ያለውን ፒን ቦክስ (ኪንግ ፒኑን የያዘውን ብረት) አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ አንሥተው ቢያስሩት፣ ፊቱ የወረደውን ያህል ክፍተቱም ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ክፍተቱ ሳይነካ ውሃ ልክ የሚገኘው ተሳቢውን ከአክስሉ ከፍ በማድረግ ነው።

ታዲያ ሁሉም የፊት መነሣት ያሰጋል? አያሰጋም። ከኪንግ ፒኑ እስከ አክስሎቹ 22 ጫማ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል 35 ኢንች ይሁን። ፊቱ በ1.5 ኢንች ቢነሣ በሁለቱ አክስሎች መካከል የሚፈጠረው የቁመት ልዩነት 0.2 ኢንች ነው። አክስሎቹ በባሌስትራ ከሆኑና በመካከላቸው ጭነት የሚያካፍለው ኢኳላይዘር ካለ ይህን ያለ ችግር ያቻችለዋል። በ4 ኢንች ሲነሣ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ኢንች ያልፋል። ተሳቢው ቶርሽን አክስል (በባሌስትራ ፈንታ አክስሉ ውስጥ ባለ ላስቲክ የሚነጥር) ከሆነ ደግሞ ኢኳላይዘር የለውም፤ እያንዳንዱ አክስል የየራሱን ስለሚሸከም የኋለኛው ከድርሻው በላይ ይጫነዋል፤ ጎማው ይግላል፤ በበጋ አውራ ጎዳና ላይ የሚፈነዳውም እሱ ነው። ስለዚህ ሥር ጎንበስ ብለው ባሌስትራ ይሁን ቶርሽን ይዩ። የጣሪያውንም ከፍታ ይለኩ፤ በብዙ ስቴቶች ወሰኑ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ ፊቱ ሲነሣ የፊተኛው ኤሲም አብሮ ይነሣል።

በምሳሌው የጎደለው 1.5 ኢንች ስለሆነ፣ ተሳቢው ባለ ባሌስትራ ከሆነ ሂቹን በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ፊቱን ትንሽ ተነሥቶ መተው ይሻላል። ቶርሽን ከሆነ ወይም ጉድለቱ ከ2 ኢንች ካለፈ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ማንሻ ያስገቡ። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች የታሰረ ከሆነ ወደ ላይ ማዛወር ይቻላል፤ የአክስሉ ቱቦ 3 ኢንች ከሆነ፣ የባሌስትራው ውፍረት ተጨምሮበት፣ ተሳቢው 5 ኢንች ያህል ይነሣል። አክስሉን ራሱን ግን እንዳይገለብጡት! መሃሉ ወደ ላይ ትንሽ እንዲጎብጥ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ከተገለበጠ ጎማው በአንድ ወገን ይበላል። የሚደረገው በቱቦው ላይ አዲስ የባሌስትራ መቀመጫ መበየድ ነው፤ ይህም የልምድ በያጅ ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከኪንግ ፒኑ እስከ ፊተኛው አክስል ግራና ቀኝ ጫፍ ያስለኩ፤ ልዩነቱ ከ1/8 ኢንች መብለጥ የለበትም። ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ከ50 ማይል በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ተሳቢውን ስናስር የፒክአፓችን ኋላ ቁጭ ይላል። ኤር ባግ ብናስገባለት ክብደቱን ይችላል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኤር ባግ ከፍታውን ይመልሳል፤ የመሸከም አቅም ግን አይጨምርም። የፊት መብራት ዛፍ ላይ እንዳያበራ፣ ፒክአፑም ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል ይረዳል። አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው የነበሩት ናቸው።

አቅሙን የሚነግራችሁ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የጎማና የጭነት መረጃ ነው። የሰውና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ አይብለጥ የሚል ቁጥር አለው። ፊፍዝ ዊል ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶውን ፒኑ ላይ ያሳርፋል። ተሳቢው 12,000 ፓውንድ ቢሆን በ20 በመቶ 2,400 ነው፤ ሂቹ 150፣ ቤተሰቡ 500 ሲደመር 3,050 ይሆናል። ተለጣፊው 2,200 የሚል ከሆነ 850 ፓውንድ አልፋችኋል፤ መልሱ ባለ 1 ቶን ፒክአፕ ወይም ቀለል ያለ ተሳቢ ነው። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም አያታልላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅም ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ትራክ ስቶፕ ያለ ካት ስኬል (የከባድ መኪና ሚዛን) ላይ ቤተሰቡና ነዳጁ እንዳለ፣ ተሳቢው ዕቃው ተጭኖበትና ታስሮ አስመዝኑ። ከዚያ ተሳቢውን አስቀምጣችሁ ፒክአፑን ብቻ አስመዝኑ። በሁለቱም ጊዜ የፒክአፑን የፊትና የኋላ አክስል ደምሩ፤ ልዩነቱ ትክክለኛው የፒን ክብደት ነው። ሁለተኛው ምዘና በ24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለሆት ሾት (በፒክአፕ አስቸኳይ ጭነት የማድረስ) ሥራ 40 ጫማ ጉዝኔክ (በረጅም አንገቱ ካሶኒው ውስጥ ባለ ኳስ ላይ የሚታሰር ተሳቢ) ገዛሁ። እሱም ፊቱ ተነሥቷል። ፒን ቦክስ የለውም፤ ምን አደርጋለሁ?
(ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ የእርስዎ ቀላል ነው። ተሳቢውን በእግሮቹ አቁመው የአንገቱን ማሰሪያ ብሎኖች ያላሉ፤ ውስጠኛውን ቱቦ ወደ ላይ አስገብተው መልሰው በደንብ ያጥብቁ። የ6 ኢንቹ ክፍተት እዚህም ይሠራል። ውሃ ልኩን ጭነት ተጭኖ ይለኩ፤ ባዶውን ልክ የነበረ ፒክአፑ ሲወርድ ፊቱን ይደፋል። ለሥራ ስለሆነ ይህንም ይወቁ፦ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 በላይ ከሆነ፣ ባዶውን ቢጎትቱትም ክላስ ኤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ካሶኒዬ 6 ጫማ ተኩል ነው። ፊፍዝ ዊል መጎተት እችላለሁ?
(ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)

መልስ፦ ከፒኑ መሃል እስከ ካቢኑ ጀርባ መስታወት ይለኩ። ከተሳቢው ወርድ ግማሽ ካነሰ፣ ማለትም ባለ 102 ኢንች ወርድ ተሳቢ ላይ ከ51 ኢንች ካነሰ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲታጠፉ የተሳቢው ማዕዘን መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሂች ይግዙ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከመታጠፍዎ በፊት ማንሸራተትዎንም አይርሱ።